ጋሽ ይሁኔ የገመገሙት ሞተር

ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰባተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው። ክፍል ውስጥ ስልክ አላነሳም። ያን ቀን ግን ስመኘው ሦስት ጊዜ ደወለ። ስመኘው አምበር ሳስተምር አብሮኝ የነበረ የሒሳብ መምህር ነው፤ ያለ ጉዳይ አይደውልም፣ ሲደውልም አንዴ ሞክሮ ይተዋል። በሦስተኛው ተማሪዎቹን ዝም ብላችሁ ጠብቁኝ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«ጋሽ ይሁኔ አረፉ» አለኝ። «ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።»

«ምን አግኝቷቸው?»

«ሦስት ቀን ታመሙ። ሳል ነው ሲሉ ነበር። እንግዲህ ነይ።»

ወደ ክፍል ተመልሼ ትምህርቱን ጨረስኩ፤ ምን እያስተማርኩ እንደነበር ግን ዛሬም አላስታውስም። ከደብረ ማርቆስ አምበር ሩቅ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። ይህ ሰሚውን ግራ እንደሚያጋባ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አምበር የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። የማስተምረው ሳይንስ ነበር። ጋሽ ይሁኔ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት ቀርቷቸው ነበር፤ ግማሽ ቀን ስድስተኛ ክፍል ያስተምራሉ፣ ግማሽ ቀን የማስተማሪያ መርጃ ክፍሉን ይይዛሉ። መርጃ ክፍል የምንለው ካርታው፣ ሉሉ፣ ሚዛኑ፣ ከካርቶን የተሠራው የሰው ልብ ሁሉ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ጋሽ ይሁኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጆሯቸው ኋላ ጠመኔ የማይለይ ሰው ነበሩ። አዲስ ዕቃ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ ያሸቱታል።

ከሥራቸው ሁሉ እኔ የምወደው ግምገማቸውን ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግምገማን ያውቀዋል። ትቆማለህ፣ ጠንካራ ጎንህ ይነገራል፣ ደካማ ጎንህ ይነገራል፣ በመጨረሻ ግለ ሂስ ታቀርባለህ፤ ማለትም ጥፋትህን በራስህ አፍ ትናገራለህ። እኛ መምህራን ከዚያ ስብሰባ የምንወጣው ፊታችን ጠቁሮ ነው። ጋሽ ይሁኔ ይህንኑ ሥርዓት እንዳለ ወስደው ለዕቃ አዋሉት። ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣ ዕቃ ሁሉ በተማሪዎች ፊት ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሳይገመገም መርጃ ክፍል አይገባም።

«ተገምጋሚው ቀና ብሎ ይቁም!» ይላሉ፣ መነጽራቸውን በክራባታቸው ጫፍ እየወለወሉ።

ዕቃው ስለማይናገር ግለ ሂሱን አንድ ተማሪ ይናገርለታል። በመጀመሪያው ሳምንቴ የተገመገመው ቴርሞሜትር ነበር። ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት፣ አሥራ ስምንት ላይ ተገትሮ ቀረ። ብርቄ የምትባል የፊት ወንበር ተማሪ ተነሳችና እጆቿን አጣምራ፣ «አሥራ ስምንት ዲግሪ ላይ ተኝቼ የሕዝብ ጊዜ አባክኛለሁ፤ ለወደፊቱ ከአየሩ ጋር ተግባብቼ ለመሥራት ቃል እገባለሁ» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይሁኔ አልሳቁም። ቃል በቃል መዝገባቸው ላይ ጻፉት። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ለተማሪውም ለእኔም ሳይሰለቹ ይደግሙታል፦ «በእጅህ ያልፈተንከውን አትጻፍ።»

እኔን «አንደኛ ሁለተኛ» ብለው ነበር የሚጠሩኝ፤ ነገር ሳስረዳ ስለምቆጥር ነው። ጠዋት ከበሩ ላይ ሲያገኙኝ «እሺ አንደኛ ሁለተኛ፣ ዛሬስ ስንት ምክንያት ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። ባይሉኝ ቅር ይለኝ ነበር።

በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ሁለት ነገሮች አስተውዬ ነበር። ጋሽ ይሁኔ እያስተማሩ ሞተር ብስክሌት በአስፋልቱ ካለፈ፣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንደተደገፈ ዓረፍተ ነገሩን በመሀል ያቋርጣሉ፤ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ አይቀጥሉም። ሌላው ደግሞ፣ በከተማው ሞተር የሚነዱ ሰዎች ጋሽ ይሁኔ ቤት አጠገብ ሲደርሱ ያጠፉትና ወርደው በእጃቸው እየገፉ ያልፋሉ። ለሁለቱም ምክንያት አበጀሁላቸው። ሰውየው ጫጫታ አይወዱም አልኩ። ሞተረኞቹ ደግሞ መንገዱ እዚያ ጋ ቁልቁል ስለሆነ ነዳጅ እየቆጠቡ ነው አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም።

ኅዳር ላይ በውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች የላኩት ካርቶን መጣ። አብዛኛው የሥዕል መጽሐፍ ነው። ከሥር ግን አንድ ሮቦት ነበር፤ ቀይና ጥቁር፣ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ። ማጠፊያውን የሚያሳይ በሥዕል ብቻ የተሠራ ወረቀት አብሮት አለ። ይህ ሮቦት በአሥራ ሰባት እርምጃ ሞተር ብስክሌት ይሆናል።

ጋሽ ይሁኔ አሸተቱት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«ተገምጋሚው ቀና ብሎ ይቁም! ጠንካራ ጎን?»

«ጉልበቱ ይታጠፋል!»

«ጣቶቹ ይዘረጋሉ!»

«ሳይደገፍ ይቆማል!» አለ አንዱ ከኋላ። «ዳይሬክተሩ እንኳ ስብሰባ ላይ ግድግዳ ይደገፋሉ!»

«ዳይሬክተሩ ተራቸው አልደረሰም። ደካማ ጎን?»

«ጎማው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እንጨት ተሸክሞ ገበያ የሚወጣ ይመስላል።»

«ተመዝግቧል። አሁን ይታጠፍ።»

ብርቄ የእርምጃውን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ትጠራለች፤ ጋሽ ይሁኔ በእነዚያ ረጃጅም ጣቶቻቸው ያጥፋሉ። ሰባት ላይ እግሮቹ ገጠሙ። አሥራ አንድ ላይ ራሱ ደረቱ ውስጥ ገባ። አሥራ ሰባት ሲባል ጠረጴዛው ላይ የቆመው ሞተር ነበር፤ መሪውም፣ የነዳጅ ታንከሩም፣ ሁለት ጎማውም የተሟላ። ገፋ ሲያደርጉት እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ተንከባለለ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ብርቄ እጇን አወጣች። «ደካማ ጎን አለኝ። ሞተር ሲሆን ነጂ የለውም። ሰውየው የት ሄደ?»

«በልቶታል!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

ጋሽ ይሁኔ እጃቸውን ሞተሩ ላይ እንዳሳረፉ ቆዩ። ሳቁ በራሱ ቀዘቀዘ። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ዞሩ።

«መምህርት፣ ሰውየው የት ሄደ?»

መድረኩን የለቀቁልኝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ፊት ወጣሁ። «አንደኛ፣ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ቁስ ቅርፁን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ይህን ወደፊት በሰፊው እንማረዋለን። ሦስተኛ፣ ሰውየው ታጥፎ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው ያለው። ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ ሰው መልሶ ያወጣዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጻፉት። በእጃቸው ሳይፈትኑ ሲጽፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህንንም ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

መምህራን ማረፊያ ስገባ ስመኘው በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

«ምነው እንዲህ ጨከንሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

ትክ ብሎ አየኝ። «አታውቂም እንዴ? ማንም አልነገረሽም?»

ያኔ ነገረኝ። ጋሽ ይሁኔ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አንተነህ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር በየቀበሌው እየዞረ ከብት ይከትባል። እኔ ልመጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሥራ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። ሞተሩን ከመሻገሪያው ራቅ ብሎ የዛፍ ሥር ይዞት አገኙት። የክትባቱ ሣጥን ከኋላው እንደታሰረ ነበር። ሰውየው ግን የለም። የአገሩ ሰው ወንዙን ተከትሎ ሳምንታት ፈለገ። ምንም አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ሐዘን አይደበቅም። ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ እናት ጥቁር ትለብሳለች። ማንም እንግዳ ሰው አይቶ ያውቃል፤ አውቆም አፉን ይጠብቃል። ጋሽ ይሁኔ ግን «አስከሬን ሳላይ ልጄን አልቀብርም» ብለው ለቅሶውን ከለከሉ። ድንኳን አልተተከለም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ጥለት ያለው ነጠላቸውን እንደለበሱ ቀሩ። ከተማውም አፉን ያዘ። ሞተረኞቹ እንኳ የጋሽ ይሁኔ ጆሮ ሞተር በሰማ ቁጥር በር ድረስ እንዳያስወጣቸው በእጃቸው እየገፉ ያልፉ ጀመር። እኔ ነዳጅ የሚቆጥቡ መስሎኝ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው?» አልኩት።

«ምን ብለሽ? ስሙን ልትጠሪባቸው ነው?»

ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጋሽ ይሁኔም ምንም አላሉኝም። በማግስቱ እንደ ወትሮው «አንደኛ ሁለተኛ» ብለው ሰላም አሉኝ። ሮቦቱ ግን መርጃ ክፍል አልገባም፤ ቤታቸው ወሰዱት።

ግንቦት ላይ እትዬ የሺ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

«አንቺ ነሽ መምህርቷ? እሱ ሲያወራ ስሰማ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር። ልጅ ነሽኮ።»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ታጥፎ ነው ያለው እንጂ አልጠፋም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ስለ አሻንጉሊቱ ነበር። የእርስዎን ልጅ ነገር አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው።»

«እንዳላወቅሽ አውቃለሁ፤ ልወቅስሽ አልመጣሁም። ያልሽውን ግን መልሺው። የተማረች ሰው መስክራለች እያለኝ ነው። የእኔን ቃል አይሰማም፣ የቄሱንም አይሰማም።»

ከዚያ ጉዳዩን አስረዱኝ። በደብራቸው እሁድ ከቅዳሴ በፊት የሰውን የክርስትና ስም በወረቀት ለቄሱ ይሰጧቸዋል። ቄሱ መንገደኞችን በጸሎት ያስባሉ፤ ሙታንን ደግሞ በሌላ ቦታ ያስባሉ። ጋሽ ይሁኔ ከዚያ ነሐሴ ጀምሮ አንድ እሁድ ሳያጓድሉ የልጃቸውን ስም ከመንገደኞች ጋር ያስጠራሉ።

«እኔ ከሙታን ጋር ይጠሩልኝ ስላቸው ቄሱ እንቢ አሉኝ። አንድን ስም ሁለት ቦታ አልጠራም፣ ከአባቱ ጋር ተስማምታችሁ ኑ አሉ። ዓመት ሊሞላው ነው። ልጄ ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ያላገኘ እሱ ብቻ ነው። ከሞቱት ጋር የለ፣ ካሉት ጋር የለ። የት ቆሞ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እናትነት ምን እንደሆነ ገና አታውቂም፤ ግን ነይና ንገሪው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ሦስት ነጥብ። ጋሽ ይሁኔ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተዘርግቷል። ጋዜጣው ላይ ሮቦቱ ተበታትኖ ተደርድሯል፤ ብሎኖቹ ለብቻ፣ ጎማዎቹ ለብቻ፣ ለሁለት የተከፈሉት ቀያይ ፕላስቲኮች ለብቻ። ካቻቪቴው ከጆሯቸው ኋላ ነበር።

«የሺ ላከችሽ?»

«አዎ። ግን እኔም መምጣት ነበረብኝ።»

«ስንት ምክንያት ይዘሽ መጣሽ?»

«ሦስት።»

«በይ።»

ወረቀቴን ዘረጋሁ። «አንደኛ፣ በነሐሴ ያ ወንዝ ያለው ጉልበት...» ብዬ ጀመርኩ። አላቋረጡኝም። ስለ ጎርፉ ተናግሬ «ሁለተኛ» ስል ግን እጃቸውን አነሱ።

«ይብቃሽ። አንቺ እንዳትደክሚ። ከኅዳር እስከ ፋሲካ ሳጥፈው፣ መልሼ ሳወጣው ከረምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እችለዋለሁ። ሰው ሲሆን ሞተሩ የለም፤ ሞተር ሲሆን ሰውየው የለም። ውስጡ ነው ብለሽኝ የለ? እስቲ የት ጋ እንደታጠፈ በዓይኔ ልየው ብዬ ፈታሁት።»

«ምን አገኙ?»

አንዱን ቀይ ፕላስቲክ አንስተው ውስጡን ወደ እኔ አዞሩት። «ይኸው። ደረቱ የምትይው የታንከሩ ክዳን ነው። ክንዱ የምትይው መሪው ነው። አንድ ስፕሪንግ አለው፤ ሌላው ባዶ ነው። ማንም የለበትም። ግምገማሽ ስህተት ነው፣ ልጄ።»

«ተሳስቻለሁ» አልኩ።

«በሥርዓቱ አቅርቢው።»

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም። ተነስቼ ቆምኩ፣ እጆቼን አጣመርኩ። «በእጄ ያልፈተንኩትን ተናግሬአለሁ። መጠየቅ ሲገባኝ ምክንያት አበጅቻለሁ። እርስዎን በማይሆን ተስፋ...» ብዬ ልጨርስ አልቻልኩም። እንባዬ ቀደመኝ።

«ተመዝግቧል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተቀመጪ።»

«ታዲያ ካወቁ ለእትዬ የሺ ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

«ብነግራት ነገ ጠዋት ድንኳን ታስተክላለች።»

«ቢተከልስ?»

«ድንኳን ከተተከለ ወዲያ በሩ ላይ ሞተር ቢቆም፣ ማን ይከፍትለታል?»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ማስረዳት እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ሐዘን አይደለም። በቃ ጥያቄው የምር ነበር፤ የሚመልስላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

ልሄድ ስነሳ «ከመንገደኞች አወጣዋለሁ» አሉኝ። «ውስጡን አይቼ እንዳላየ አልሆንም። ከሙታን ጋር ግን እኔ አላስገባውም። ያንን አትጠይቂኝ።»

እንዳሉት አደረጉ። በማግስቱ እሁድ ወረቀት ሳይሰጡ ገቡ። ቄሱ ደግሞ አባቱ አዎ ሳይሉ ስሙን ወደ ሙታን ለማዛወር አልደፈሩም። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ የሺ በቤተ ክርስቲያኑ በር አገኙኝና ክንዴን ያዙ።

«አሁንስ የትም አይጠራም» አሉኝ። «ምን አደረግሽልኝ?»

ነሐሴ መጣ፤ ሙት ዓመቱ ሳይደገስ አለፈ። እኔ አንድ ዓመት ጨምሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ሞተር በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር የጋሽ ይሁኔ ጠመኔ ይቆም ነበር። ባዶነቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ጆሯቸው ግን አላመነም።

ቀብራቸው ላይ ሰዉ ብዙ ነበር። አስተምረዋቸው ያደጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው ከዳሩ ተቀምጠዋል። ቄሱ ለፍትሐቱ የሚጠራውን ስም ሊጽፉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አጠገባቸው ሄዱ። ስመኘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዛሬ እትዬ የሺ ተገላገሉ። የልጃቸውንም ስም አብረው ያስጠራሉ።»

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። እንዲያውም እፎይ ብያለሁ። የእኔም ስህተት አብሮ የሚቀበር መስሎኝ ነበር።

«የሺ፣ ማንን ልጥራ?» አሉ ቄሱ።

እትዬ የሺ የባላቸውን የክርስትና ስም ተናገሩ። ቄሱ ጻፉና ጠበቁ። እትዬ የሺ አልቀጠሉም።

«ልጁስ? አሁን የሚከለክልሽ የለም።»

«እሱን ከመንገደኞች ጋር ይጥሩልኝ፣ አባቴ።»

«ምነው የሺ? ስንት ጊዜ ስትለምኚኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?»

«ያኔ የሚጠብቀው ሰው ነበረው» አሉ። «አባቱ ስለሚጠብቀው ነበር እኔ ላሰናብተው የደፈርኩት። ዛሬ እኔም ከቀበርኩት ለሱ ማን ቀረው?»

ቄሱ ወረቀቱን ከመሀሉ ቀደዱና በባዶው ግማሽ ላይ የልጁን ስም ጻፉ።

ልሄድ ስሰናበት እትዬ የሺ እጄን ያዙኝ። «አንቺም ማርቆስ ከምትስሚው ደብር አስጠሪልኝ» ብለው ስሙን በጆሮዬ ነገሩኝ። እሺ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። ወረቀቱን የተቀበሉኝ ሽማግሌ ቄስ አንብበው ቀና አሉ።

«ከመንገደኞች ጋር ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«ወዴት የሄደ ነው፣ ልጄ?»

የማስረዳው ነገር ፈለግኩ። ከየት ልጀምር? ከወንዙ? ከሞተሩ? ሰዉ ከኋላዬ ወረቀቱን ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

«አላውቅም» አልኳቸው።